የቆዳው ካልሲና የሙያ ፈቃዴ

አባቴ በባሕር ዳር ሙቀት የቆዳ ካልሲ ማጥለቅ የጀመረው እኔ ለሁለተኛው ፈተና ማጥናት በጀመርሁ ሰሞን ነው። መጋቢት ነበር፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እንኳ ሰውን የሚያላብበት ወር። ካልሲው ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይደርሳል፤ ኹፍ ይሉታል። ሰው ውዱእ፣ የሶላቱን ትጥበት፣ አድርጎ፣ እግሩን ታጥቦ ካጠለቀው፣ እስከ ነገ በዚያው ሰዓት ድረስ ለየሶላቱ እግሩን ማጠብ የለበትም። በረጠበ እጁ ከላይ ከላይ ካበሰው ይበቃዋል። በእኛ ሰፈር ይህን የሚያደርጉት የክረምቱን ብርድ የሚፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። አባቴ በመጋቢት ሲያደርገው በየቀኑ አየሁት። አንድ ጊዜ ጠየቅሁት፤ የሰጠኝን መልስ ይዤ ወደ ደብተሬ ተመለስሁ።

ሐኪም ነኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐኪም መሆኔ ጥፋቴን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

የተማርሁት ካርቱም ነው። አባቴ የመረብና የገመድ ነጋዴ ነው፤ ለቁንዝላና ለደቅ ዓሣ አስጋሪዎች ያቀርባል። ዕቃው አንዳንዴ ከሱዳን በኩል ይመጣ ስለነበር ከተማዋን ያውቃታል፣ ዘመድም ነበረን። እዚያው ተመርቄ፣ እዚያው ፈቃድ አውጥቼ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ አንዲት ቦርሳ አንጠልጥዬ በመተማ ገባሁ። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ሁለት ቀሚስ፣ የልብ ማዳመጫዬና በላስቲክ የጠቀለልሁት ዲግሪዬ ነው። ተረፍሁ፣ አገሬ ገባሁ፣ ከእንግዲህ ነጭ ጋወኔን ለብሼ ሥራ መጀመር ነው ብዬ ነበር። ወዴት ወዴት።

ከውጭ ተምሮ የመጣ ሐኪም መጀመሪያ ዲግሪው ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑ ይመዘናል። ከዚያ ይሠራበት የነበረው አገር ፈቃድ ሰጪ «ይህች ሐኪም ናት፣ ጥፋት የለባትም» ብሎ መጻፍ አለበት። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ የተግባር ፈተና፣ ከዚያ ፈቃድ። ደንቡ ክፉ ነው አልልም፤ እኔም ብሆን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እናቴ ላይ ቢላ እንዲያነሣ አልፈልግም። ግን ደብዳቤ ጻፉልኝ የምለው ቢሮ ጣሪያው ወርዷል። የተማርሁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሠራተኛው ሁሉ ወዴት እንደሸሸ አይታወቅም። እዚህ ያለው ጸሐፊ ደግሞ፣ እሱም ምስኪን የታዘዘውን ነው፣ ዋናው ማህተም የሌለበትን ወረቀት አንቀበልም እያለ ይመልሰኛል። ሰባት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ አንድ የሬጅስትራር ሠራተኛ ማህተሙን በሻንጣው ይዞ ሸሽቶ ኖሮ፣ ከፖርት ሱዳን ጽፎ ላከልኝ። ያን ሰው በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ በየሶላቴ ግን ዱዓ አደርግለታለሁ።

ይህ ሁሉ አልፎ የመጀመሪያውን ዙር ፈተና ወደቅሁ።

አባቴ ስኳር ካለበት ብዙ ዓመቱ ነው። በፈተናው ሳምንት ስኳሩ ተነሣበትና ራሱን እስኪስት ደረሰ። አራት ቀን ሆስፒታል፣ አልጋው አጠገብ ተቀመጥሁ። በአምስተኛው ቀን ከዚያው ተነሥቼ፣ ፊቴን በሆስፒታሉ ቧንቧ ታጥቤ ፈተና ገባሁ። ውጤቱ ሲመጣ በጥቂት ነጥብ ነው የወደቅሁት። ያየሁት ኩሽና ውስጥ ቆሜ በስልኬ ነው፤ እናቴ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። የእኔን ጠባይ ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ቱግ ለማለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ደሜ ፈላ።

«እነዚያን አራት ቀኖች ባይወስድብኝ ኖሮ አልፍ ነበር» አልሁ።

እናቴ በዓይኗ ወደ በረንዳው ጠቀሰችኝ። አባቴ እዚያ ተቀምጦ ነበር፤ በእኛና በእሱ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ወጥቼ ሳየው ሬዲዮኑን ይነካካል፣ ጣቢያ የሚፈልግ መስሎ። እኔም አልሰማኝም ብዬ ራሴን ሸነገልሁና ይቅርታ ሳልለው ቀረሁ። ምላሴን በቆረጠው።

ሌላም አለ። ሰፈር ውስጥ ሐኪም ተቀምጣ፣ ያውም ሥራ ፈትታ ተቀምጣ፣ ማን ዝም ይላታል? ይመጡብኛል። «ዶክተርዬ፣ እስኪ ይቺን ልጅ እይልኝ» ይሉኛል፤ ደረቱ የሚያፍነው ሽማግሌ ይመጣል፣ ግፊቷን ለኪልኝ የምትል ይመጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ አይ ነበር። በኋላ አንድ ሰው ያለ ፈቃድ ታክማለች ብሎ ቢያመለክትብሽ፣ እንኳን ፈቃድ ፈተናውም ይቀርብሻል ብለው ሰዎች አስፈራሩኝ። እውነትም ፈራሁ። አንድ ቀን ሁላችንም ራት ላይ ሳለን አወጅሁ። ፈቃዴ እስኪመጣ ድረስ ማንንም አላይም፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ የዚህ ቤት ሰውም ቢሆን፣ አልሁ። ወንድሜ ሳቀብኝ። አባቴ አልሳቀም፤ ደግ ብለሻል፣ ሕግ ሕግ ነው አለኝ። አሁን ሳስበው በዚያች ራት የቤቱን በር በገዛ እጄ ዘግቻለሁ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ክፉ ወሬ ጊዜው ይጠበቅለታል። አያቴ የሞተችው እኔ አራተኛ ዓመት ፈተና ላይ ሳለሁ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በስልክ «ደኅና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» ይሉኝ ነበር። ለእረፍት ስመጣ በነጋታው ማለዳ አጎቶቼ ተሰብስበው ገቡ፤ ገና ደጃፉ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ገባኝ። አልተቆጣሁም። እኔም ያው የእነሱ ልጅ ነኝ፤ ካርቱም ላይ ተኩሱ የጀመረ ቀን እናቴ ደውላ ያ ድምፅ ምንድን ነው ስትለኝ፣ ሠርግ ነው አልኋት። በእኛ ቤት ይህ ውሸት አይባልም። መተሳሰብ ነው የሚባለው።

እንግዲህ ሁለተኛው ዙር ፈተና ደረሰ። በዚህ ከወደቅሁ እስከ መጪው ዓመት መጠበቅ ነው፤ እቀጥርሻለሁ ያለኝ ሆስፒታልም ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። አንድ የጥናት ጓደኛ ነበረኝ፤ ቻይና ተምሮ የመጣ፣ አባቱ እዚሁ ፋብሪካ የሚሠራ፣ እንደ እኔው ፈተና የሚጠብቅ ሐኪም። ዋርካ ሥር ሁለት ወንበር ይዘን አንድ ቀን እሱ ታካሚ ይሆናል፣ አንድ ቀን እኔ። ለተግባር ፈተናው ሥርዓቱን እንሸመድዳለን። ሰላም ማለት፣ እጅ መታጠብ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ማውለቅ፣ ማየት፣ ከዚያ መንካት። ሲያሾፍብኝ ካልሲ ሳታስወልቂ እግር አየሁ ካልሽ ዜሮሽን ታቅፈሽ ትመለሻለሽ ይለኝ ነበር። እንስቅ ነበር። ከፊታችን ሐይቁ ላይ የቁንዝላ ጀልባ ጭኖ ሲሄድ ይታየናል፤ አባቴ በዚያ ጀልባ መሄድ ከተወ ወር እንዳለፈው እያወቅሁ፣ ለምን እንደተወ አልጠየቅሁም።

ቤት ውስጥ የማየው ነገር ሁሉ ለየብቻው ምክንያት ነበረው። አባቴ ያነክሳል፤ ጉልበቴ ነው አለ። ሱቁን ለወንድሜ ተወ፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ እሱ ይልመደው አለ። ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ይነካት የነበረውን የሽቶ ዘይት ጠዋትና ማታ ይቀባ ጀመር። ለንጋቱ ሶላት፣ ለፈጅር፣ ውዱእ የሚያደርገው በሩን ዘግቶ ነው፤ እናቴ ውሃ ይዛ ትገባለች፣ ብዙ ትቆያለች። እናቴ ደግሞ በየጠዋቱ እኔን ከቤት ማስወጣት ሥራዋ ሆነ፤ ቶሎ ሂጂ፣ ፀሐዩ ሳይከር ድረሺ፣ ቁርስሽን እዚያው ብዪ። የምታስብልኝ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ደብተሬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስሁ። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ከአባቴ ክፍል ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን። በእጇ የተቋጠረ ፌስታል አለ። የእናትሽን ግፊት ልለካ መጥቼ ነው አለችኝ። እናቴ ከኋላዋ ቆማለች፣ ፊቷ ድንጋይ። ነርሷ ፌስታሉን ወደ ጀርባዋ አዞረችና ፈተናሽ መቼ ነው የሚያልቀው አለችኝ። ሐሙስ ሳምንት አልኋት። «ሐሙስ ሳምንት» ብላ ደገመችው፣ ቀን እንደሚቆጥር ሰው። ዓይኗ ከዓይኔ አልነቀል ብሎ ነበር። ደብተሬን አንሥቼ ወጣሁ።

የጠየቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ በረንዳ ላይ ለአስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ውዱእ ያደርጋል፤ ፊቱን ታጠበ፣ ክንዱን ታጠበ፣ ራሱን አበሰ፣ ከዚያ በረጠበ ጣቱ የካልሲውን ጀርባ ዳበስ አድርጎ ተነሣ። አባ፣ በዚህ ወበቅ ካልሲው አያስጨንቅህም አልሁት። ጎንበስ ብዬ እግር ማጠቡ ጉልበቴን አቃተው፣ ዲኑ እንደሆነ ገር ነው፣ ፈቅዶልናል አለኝ። ለወንድሜ የጉልበት ቅባት ግዛለት ብዬ ተመልሼ አነበብሁ። ሳነብ የነበረው ምዕራፍ ስለ ስኳር ሕመምና ስለ እግር ነው። ወላሂ፣ እሱ ነው። እግሩ ስሜቱን ስለሚያጣ ታካሚው መቁሰሉን አያውቅም ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርሁበት።

የጽሑፉ ፈተና ማክሰኞ ነበር፤ ማለፌን እዚያው ወንበሩ ላይ አውቄዋለሁ። የተግባሩ ሐሙስ ነው። ስምንት ክፍል በተርታ ይገባል። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ታካሚ፣ አንድ ፈታኝ፣ ስምንት ደቂቃ። ደወል ሲመታ ይገባል፣ ደወል ሲመታ ይወጣል። ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። አንዱን ክፍል ትቶ የወጣ ሰው ሁሉንም እንደተወ ይቆጠራል፤ ይህን ጠዋት ሲያስረዱን ጆሮዬን ቀስሬ ሰምቻለሁ።

አምስቱን ክፍል ተወጣሁት። ስድስተኛው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ስኳር ከያዛቸው ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸው፣ እግራቸውን መርምሩ ይላል። ደስ አለኝ። ይህንንማ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ አልሁ።

ታካሚ ሆነው የተቀመጡት ኮት የለበሱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር የሚመስሉ ሰው ናቸው። ፈታኟ ጥግ ላይ ወረቀቷን ይዛ ተቀምጣለች። እጄን ታጠብሁ፣ ሰላም አልኋቸው። በአገሩ ወግ የዚያን ዕድሜ ሰው አባቴ ብለን ነው የምንጠራው።

«አባቴ፣ ካልሲዎን ላውልቅልዎት?»

አውልቂ ልጄ፣ ለዚሁ አይደል የመጣሁት አሉኝ። ተንበርክኬ ቀኙን አወለቅሁ፣ ግራውን አወለቅሁ። ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተስተካከለ እግር ነው። ጣቶቻቸውን እያላቀቅሁ በየመሐሉ አየሁ፣ ተረከዛቸውን አነሣሁ። ያየሁትን ለፈታኟ ጮክ ብዬ መናገር አለብኝ። ቁስል የለም፣ ጥቁረት የለም፣ ሽታ የለም አልሁ።

ሽቶው ትዝ አለኝ። ጠዋትና ማታ የሚቀባው ሽቶ። ሽቶው ካልሲውን አመጣው፣ ካልሲው የተዘጋውን በር፣ በሩ ነርሷንና ፌስታሏን። ሁለት ወር ሙሉ ለየብቻው ምክንያት የነበረው ነገር ሁሉ ተሰብስቦ ከፊቴ ቆመ። የሰውየው እግር በእጄ ላይ እንዳለ ቀረሁ።

«ጊዜሽ እየሄደ ነው» አለችኝ ፈታኟ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ምነው ልጄ፣ ምን አየሽ አሉኝ፤ የእሳቸው እግር የታመመ መስሏቸው ደንግጠዋል። ምንም የለም አባቴ፣ የእርስዎ እግር ጤነኛ ነው አልኋቸው። ስሜት መለኪያዋን ክር አንሥቼ የእግራቸውን መዳፍ እየነካሁ ይሰማዎታል፣ ይሰማዎታል እያልሁ ጨረስሁ። ደወሉ ሲመታ ካልሲያቸውን መልሼ አላጠለቅሁላቸውም፤ ይህ ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ቆምሁ። ሁለት ክፍል ቀርቶኛል። የመውጫው በር በግራዬ በኩል ክፍት ነው፣ ከበሩ ወዲያ መንገዱ ይታያል፣ ባጃጅ ያልፋል። ከወጣሁ ፈተናው አለቀ፤ ሰባቱ ወር፣ ማህተሙ፣ አራቱ ቀን፣ ሁሉም አለቀ። ካልወጣሁ አባቴ እዚያ ቤት ካልሲውን አጥልቆ ተቀምጧል። ሰባተኛው ክፍል በር ላይ ያለውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብሁት፣ አንድ ቃል አልገባኝም። ደወሉ ተመታ። ገባሁ።

ማንም አላስገደደኝም። አሥራ ስድስት ደቂቃ ነው፤ ሁለት ወር ለቆየ ቁስል አሥራ ስድስት ደቂቃ ምንም እንደማይለውጥ እንደ ሐኪም አውቃለሁ። እንደ ልጅ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበልሁትም። ስምንተኛው ክፍል ላይ ምን እንደተጠየቅሁ አሁን ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

ስልኬን ተቀብዬ እየሮጥሁ ደወልሁ፤ ወንድሜ አላነሣም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሾፌሩን ፍጠን፣ ፍጠን ስለው በመስታወቱ እያየ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ቤት ስደርስ በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። ፊቴን አየችና ከመንገዴ ዘወር አለች። አባቴ ፍራሹ ላይ፣ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። መምጣቴን የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አባ።»

ይህን ጊዜ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ እኔ ዘረጋው። «እንግዲህ እይልኝ» አለ።

ካልሲውን አወለቅሁ፤ ከሥሩ የነርሷ ፋሻ ነበር፣ ፋሻውን ፈታሁ። ትንሿ ጣቱና ከእሷ ቀጥላ ያለችው ጠቁረዋል። የእግሩ መዳፍ ተከፍቷል። ቅላቱ ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ወደ ላይ ወጥቷል። ሽታውን ሽቶው አልቻለውም። ከሁለት ወር በፊት የቁንዝላ ጀልባ ላይ ገመድ ሲያወርድ ምስማር ወግቶት፣ ምስማሩ በጫማው ውስጥ እንዳለ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ፣ ያወቀው ማታ የጨርቅ ካልሲው ደም ሲሆን ነው። አልተሰማውም። ቀይ ያሰመርሁበት ዐረፍተ ነገር ማለት ነው።

ጮህሁ። በእናቴ ላይ ጮህሁ፣ ከሱቅ በመጣው ወንድሜ ላይ ጮህሁ፣ አጥር ዘልሎ በሚሰማ ድምፅ የነርሷን ስም ጠርቼ ጮህሁ። ነርሷ ሆስፒታል ውሰዱት እያለች በየቀኑ ስትለምናቸው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። አባቴ እጁን አነሣ።

«እነሱን አትናገሪ፣ እኔ ነኝ በአላህ ስም ያስማልኋቸው» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዳግመኛ አራት ቀን እንዳልወስድብሽ ብዬ ነው» አለኝ። «ደግሞስ የዚህን ቤት ሰው አላይም አላልሽም?»

ሲሳለቅብኝ አልነበረም። እንደ ነገርሁት አድርጎ ነው የመለሰልኝ።

ሆስፒታል የገባሁት እንደ ማንኛውም አስታማሚ፣ ፍራሽና ፔርሙስ ተሸክሜ ነው። ወጣቱ ሐኪም ስኳር ምን እንደሆነ በቀላል አማርኛ ሲያስረዳኝ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት። የምትጠይቂው ነገር አለ ሲለኝ የደም ሥር ምርመራውንና የመድኃኒቱን መጠን ጠየቅሁት። ደነገጠና ሐኪም ነሽ እንዴ አለኝ። ገና ነኝ አልሁት።

በማግስቱ ቀዶ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ጠራኝ። ቅላቱ እየወጣ ነው፣ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት፣ ካልሆነ እሱን ራሱን እናጣዋለን አለኝ። ከወር በፊት ቢመጣ ኖሮ ሁለት ጣት ብቻ ነበር ሲል ወለሉን አየሁ። ታካሚው ምንም ሳይነገረው ከቤተ ሰቡ ጋር መምከር በአገራችን የተለመደ ነው። ወንድሜ አጎቶቻችን ይምጡ፣ ነገ ማለዳ በእነሱ ፊት ይነገረው አለ። እናቴም እንደሱ ይሻላል ብላ ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ግን ጊዜው ሲጠበቅለት የከረመው ክፉ ወሬ ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። ክንዴን አስለቅቄ ገባሁ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጁን ያዝሁ።

«አባ፣ እግርህን ከጉልበትህ በታች ይቆርጡታል። ዛሬ ነው የሚሆነው። ካልተቆረጠ ትሞትብኛለህ።»

ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር። ከዚያ፣ «ማለፍሽን መቼ ነው የሚነግሩሽ?» አለኝ። እጁ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። ስለዚያ አራት ቀን የተናገርሁትን ይቅር በለኝ አልሁት። የትኛውን አለኝ። እውነት ረስቶት ይሁን፣ ያን ጊዜም እየደበቀኝ ይሁን፣ አላውቅም።

በክረምቱ አጋማሽ ላይ ውጤቱ መጣ፤ አልፌያለሁ። ቆይቶ ፈቃዱም መጣ፣ ፎቶዬ ያለበት፣ ማህተም የተመታበት አንድ ወረቀት። የጥናት ጓደኛዬም አልፎ ነበር፤ ደውሎ ሲጮህ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። አሁን እቀጥርሻለሁ ባለኝ ሆስፒታል እሠራለሁ። ስኳር ያለበትን ሁሉ፣ ጉንፋን ይዞት ቢመጣም፣ ካልሲውን አስወልቀዋለሁ። ነርሶቹ ያሾፉብኛል፤ የካልሲዋ ዶክተር ይሉኛል መሰለኝ፣ ይበሉ።

ፈቃዱን ይዤ የገባሁ ቀን አባቴ በረንዳው ላይ፣ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጦ ነበር። አንብቢልኝ አለኝ፤ ከላይ እስከ ታች አነበብሁለት። ወረቀቱን ተቀብሎ ፎቶዬን አየና ምነው እንዲህ የተኮሳተርሽው፣ ታካሚ ታስደነግጪያለሽ አለኝ። ከዚያ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተውና፣ በይ፣ አሁንማ ማየት ትችያለሽ አለኝ። የአስር አዛን ተሰማ። ማንቆርቆሪያውን አምጥቼ ውሃ አፈስለት ጀመር። እጁን ታጠበ፣ ተጉመጠመጠ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ክንዱን ታጠበ፣ ራሱን አበሰ። ቀኝ እግሩን በየጣቱ መሐል እያሻሸ፣ እኔ እንዳስተማርሁት አድርጎ ታጠበ። ከዚያ እጁ በልማድ ወደ ግራ ሄደና ባዶው ላይ ቆመ። እኔም በልማድ ውሃውን እያፈሰስሁ ነበር።